«ለመኪናውስ ነግረውታል?»

ባለፈው ክረምት ነው። ከሥራ ስመለስ ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ከሰሏን አቀጣጥላ በቆሎ ትጠብሳለች። መንገዱ ጠባብ ነው። ዝናቡ ቢያባራም ጭቃው ስላልደረቀ የሚረገጠው የኮብልስቶኑ ጠርዝ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ በርጩማዋን እዚያው ላይ አድርጋለች። ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመብኝ ብስጭት ነበርና አላስቻለኝም።

«አንቺ! ይሄ እኮ መንገድ ነው። ሰው በየት ይለፍ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ማራገቢያዋን አላስቀመጠችም፤ ድምጿንም አልጨመረችም። «ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን እነሳለሁ። ለመኪናውስ ነግረውታል?» አለችኝ።

ዘወር ስል ከእሷ ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ አንድ ደብል ካቢን ፒክአፕ ተገትሯል። የእግረኛውን መንገድ ከነደረጃው አፍ ዘግቶታል። ሴትየዋ የያዘችው የአንድ በርጩማ ቦታ ነው። መኪናው የያዘው የአንድ ሕንፃ መግቢያ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በየማታው እዚያው ሲቆም፣ እኔም ልብሴን ሰብስቤ በጎኑ እየሾለክሁ ስገባና ስወጣ ኖሬያለሁ። አንድም ቀን ለባለቤቱ «ይሄ እኮ መንገድ ነው» ብዬው አላውቅም።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን «አንቺ» ማለቴ ነው። ባለመኪናውን ለማናገር ብደፍር ኖሮ «ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ» ብዬ እንደምጀምር አውቃለሁ። ሕጉ አንድ፣ ጥፋቱም አንድ ነው። አንቱታው ግን እንደ ሰዉ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። ጎረቤት ትንንሽ ሕግ ሲጥስ፣ መኪናውን መንገድ ላይ ሲያቆም፣ ቆሻሻ በመስኮት ሲጥል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቴፑን ሲያስጮህ፣ እኛ ምን እናድርግ? እንናገር ወይስ እንለፍ?

በእኛ ሕንፃ ስለ መኪናው አልተወራም ማለት አይደለም። ኧረ ተወርቷል! ቡና ላይ ተወርቷል፣ ደረጃ ላይ ተወርቷል፣ የዕድር ወርኃዊ ሲከፈል ተወርቷል። ባለቤቱ ብቅ ሲል ግን «እንዴት አደሩ፣ ሰላም ነው?» ነው። አንዱ በአቧራማው መስታወት ላይ በጣቱ «አህያ» ብሎ ጻፈበት። ሌላው ድንጋይ ደርድሮ ቦታውን ዘጋበት፤ ሰውየው ድንጋዩን ገፋ አድርጎ ቆመ። ሌላው ደግሞ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ በሌሊት ጎማውን አስተነፈሰው። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰፈር አንድ በር ማንኳኳት አቃተው።

ለምን? «ፈሪ ስለሆንን» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል።

አንደኛው ምክንያት ትዝታ ነው። ቀበሌ የሚባለው ነገር በ1967 ዓ.ም. በከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲቋቋም የነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግን ከአብዮት ጥበቃ ጋር የሚያያዝ ስም ሆነ። በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ የተናገረው ቃል ሰው አስበልቷል። ከዚያ በኋላም «አንድ ለአምስት» መጣ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው «ለደንብ ማስከበር ልንገር እንዴ?» ሲል የሚሰማው ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሌላ ቃል ነው፤ «ጆሮ ጠቢ» የሚለው። ስለ መኪና መቆሚያ መናገርና ሰውን አሳልፎ መስጠት በጭንቅላታችን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጉልበት ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች ይባላል። መኪናውን ከደጅ የሚያሳድር ሰውም ከኋላው ማን እንዳለ አይታወቅም። ጥቁር መስታወት ያያል፣ ታርጋ ያነባል፣ ከዚያ «ምን አገባኝ» ይላል የእኛ ሰው። ይህን ስሌት የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ የለም።

ሦስተኛው ምክንያት እንግድነት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ሰው ጎረቤቱን አልመረጠም፤ ዕጣ መረጠለት። በአሮጌው ሰፈር በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት ሲጣላ ሲታረቅ የኖረ ሰው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ በሩን ዘጋ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃውን፣ ግቢውንና መተላለፊያውን የሁሉም የጋራ ሀብት አድርጎ፣ የሚያስተዳድረውም የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲሆን ደንግጓል። በወረቀት ላይ ያ ደረጃ የእኔም ነው። ግን የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ እኛ ዘንድ የማንም አይደለም። ተከራዩማ ጭራሽ «እኔ ነገ ለቃቂ ነኝ» ይላል።

«ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም፤ ተው ባይ ነበረ» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ግማሽ እውነት። አማርኛችን «ተው ባይ» የሚል ቃል አለው፤ ሰው ሲበላሽ «ተው ባይ አጥቶ ነው» እንላለን። የሰው ልጅ ሲያጠፋ ማንኛውም ጎረቤት ይቆጣ ነበር፤ ወላጅም «እሰይ» ይል ነበር። ነገር ግን ያ «ተው» በማን ላይ ነበር የሚወርደው? በልጅ ላይ፣ በሠራተኛ ላይ፣ በሴት ላይ፣ በድሃ ላይ። የሠፈሩን ባለጠጋ «ተው» ያለውስ ማን ነበር? ምክራችን እንደ ጎርፍ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚፈሰው። እኔም በቆሎ ጠባሿ ላይ ያፈሰስኩት ይህንኑ ነው።

«ታዲያ ለምን እንነታረካለን? ሕግ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ፣ ለእሱ ይተው» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ወዳጄ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞታል። እዚያ መኪና ያለቦታው ከቆመ ሰው 311 ይደውላል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ የቅጣት ወረቀት መስታወቱ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። ወዳጄ ጠዋት ሲወጣ ወረቀቱን አገኘ። ማን እንደደወለ እስከ ዛሬ አያውቅም። ከጎረቤቶቹ ጋር በየጠዋቱ «ሃይ» ይባባላሉ፤ አለቀ። «ጭቅጭቅ የለውም፣ ግን ሁሉንም በጥርጣሬ ሳይ አንድ ወር ከረምኩ» ብሎኛል።

ያ አሠራር የሚሠራው ስልኩ ስለሚነሳ ነው። ሕጉም ለሁሉም እኩል ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። የእኛ ስልክ ቢነሳ እንኳ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መኪናውን ነው ወይስ የበቆሎዋን ከሰል ማንደጃ? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ። ደግሞ እኛ ከጎረቤት የምንፈልገው «ሃይ» ብቻ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልልን፣ ሲታመም የሚሸከመን እሱ ነው።

ሌላ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 የኮሎምቢያ ዋና ከተማ የቦጎታ ከንቲባ የሆነው አንታናስ ሞከስ የሂሳብና የፍልስፍና ሰው ነበር። 350,000 ያህል ካርድ አሳትሞ ለነዋሪው አደለ። በካርዱ ላይ አውራ ጣት ተስሏል። ሾፌር ለእግረኛ ሲቆም አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ ማሳየት፣ የእግረኛን መንገድ ሲዘጋ ወደ ታች ገልብጦ ማሳየት ነው። ስድብ የለም፣ ድብድብ የለም። መንገድ ላይም ፊታቸውን የተቀቡ፣ ያለ ቃል የሚጫወቱ ተዋንያን አሰማርቶ፣ ሕግ የሚጥሰውን በምልክት እያሾፉ እንዲያሳፍሩት አደረገ። ሰውየው የገባው ነገር አለ፤ ሰው ከቅጣት ይልቅ በሰው ፊት ማፈርን ይፈራል። እኛ ደግሞ «ነውር» የሚል ቃል ያለን ሕዝብ ነን፤ ይህን ከቦጎታ መማር አልነበረብንም።

እኔ ግን ከዚያ ካርድ የምወደው ሌላውን ጎኑን ነው። ወደ ላይ የሚያመለክተውን። በጎረቤታችን በር አጠገብ ደረጃውን የሚጠርግ ሰው ሲኖር ስንቶቻችን ነን «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለን የምናውቅ? በበጎ ተናግሮት የማያውቅን ሰው፣ በክፉ ቀን መጥቶ «ተው» ቢለው ማን ይሰማዋል?

ወደ መኪናው ልመለስ። የበቆሎዋ ሴት ከተናገረችኝ ሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ታመው አምቡላንስ ተጠራ። አምቡላንሱ መጣ፤ ግን ፒክአፑ ስለቆመ ወደ ደረጃው መጠጋት አልቻለም። የሕንፃው ወጣቶች እማማን በብርድ ልብስ ይዘው፣ በመኪናውና በግድግዳው መካከል አንድ በአንድ እየሾለኩ፣ በጭቃው ውስጥ አወጧቸው። አንደኛው አዳልጦት ሊወድቅ ነበር። እማማ ዛሬ ደህና ናቸው፤ ይመስገን። ያን ቀን ግን ያቺን ጠባብ ቀዳዳ ያየ ሰው ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ያውቃል።

ባለመኪናው በጩኸቱ ነቅቶ፣ በፒጃማ፣ ቁልፉን ይዞ እየሮጠ ወረደ። ሲደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ቆሞ ያየናል፤ እኛም ቆመን እናየዋለን። ያኔ አፋችን ተከፈተ። ስምንት ወር የታመቀው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። ጨርሰን ስንደክም እሱ የተናገረው ነገር ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«አንድ ሰው እንኳ በሬን አንኳኩቶ የነገረኝ የለም እኮ» አለ። «መጀመሪያ ወዲያ ማዶ ነበር የማቆመው። ከዚያ አንድ ቀን ለተወሰነ ሰዓት እዚህ አቆምኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም። ጎማዬን ሲያስተነፍሱት ሰፈሩ ሌባ ያለበት መስሎኝ፣ ከመስኮቴ እንዳየው ብዬ ጭራሽ ወደ ደረጃው አስጠጋሁት።»

ሁላችንም ጸጥ አልን። ጎማ ያስተነፈሰውም ሰው እዚያው መካከላችን ነበረ፤ አለመናገሩ አያስገርምም። ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም እያልኩ አይደለም። ደረጃ አፍ ላይ መኪና አይቆምም፤ ይህን ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልግም። ግን እኛ በጨለማ የሠራነው ሥራ መኪናውን አላራቀውም፤ አቀረበው።

የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ምርጫው በዝምታና በጠብ መካከል እንዳልሆነ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልን ዝም የምንል ሰዎች በእርግጥ ዝም አላልንም፤ በጎማ፣ በድንጋይ፣ በሐሜት ተናግረናል። የቆየ ዝምታ መጨረሻው ጩኸት ነው። መናገር ካለብን ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ንዴቱ ሳይጠራቀም፣ በሰው ፊት ሳይሆን በበሩ ላይ፣ «እንዴት አመሸህ» ብሎ ጀምሮ መናገር ነው። ሁሉም ነገር ይነገራል ማለትም አይደለም። ለአንድ ቀን ዕቃ ለማውረድ የቆመን መኪና እየተከታተለ የሚጨቀጭቅ ሰው ተው ባይ አይደለም፤ ነዝናዛ ነው። የሚያስፈራ ሰው ካለ ደግሞ ብቻን ሄዶ ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ በማኅበሩ ወይም በዕድሩ ዳኛ በኩል መሄድ ይቻላል። ያም ጆሮ ጠቢነት አይደለም፤ ተጠያቂው ባለበት፣ ስምን ሳይደብቁ የሚነገር ነገር ነውና።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ፈተና አለ። «ተው» ከማለቴ በፊት ራሴን የምጠይቀው፣ ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ድምፅ፣ ለትልቁም ለትንሹም እለዋለሁ ወይ የሚለውን ነው። ለባለፒክአፑ የማልለውን ለበቆሎ ጠባሿ የምል ከሆነ፣ ሕግ እያስከበርኩ አይደለም፤ ድሃ ላይ እየጨከንኩ ነው።

በማግስቱ ወደ ሴትየዋ ሄጄ ሁለት በቆሎ ገዛሁ። «አንቺ» ስላልኩሽ ይቅርታ ለማለት አስቤ ነበር፤ ቃሉ አልወጣልኝም። «መኪናው ተነሳ» አልኳት። «አየሁ ጋሼ፤ እማማ ተሻላቸው?» አለችኝ። በርጩማዋን እሷው ራሷ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ውስጥ አስገብታ ነበር።

አሁን ይህን ስጽፍ በመስኮት ወደ ታች አያለሁ። ደረጃው አፍ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች፤ ሁለተኛ ቀኗ ነው። የማን እንደሆነች አላውቅም። ብዕሬን ሳስቀምጥ ወርጄ አጠይቃለሁ፤ በሩንም አንኳኳለሁ። ዛሬ ካልሄድኩ ነገ በቆሎ ስገዛ ምን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ።