ካርታውና ፊቶቹ

ዩሪ ኦዜሮቭ «ነፃ መውጣት» በተሰኘው ተከታታይ ፊልሙ ሦስተኛ ክፍል (እ.ኤ.አ. 1971)፣ በ1944 በጋ ቤላሩስ ላይ የጀርመንን «ማዕከላዊ የጦር ቡድን» ያፈራረሰውን የ«ባግራቲዮን» ዘመቻ ያሳየናል። ኦዜሮቭ ራሱ በጦርነቱ የዋለ መኮንን ነበርና ውጊያውን ያውቀዋል። ሮኮሶቭስኪ «በሁለት አቅጣጫ እንምታ» ብሎ ስታሊን ፊት ሲሟገት ተመልካቹ ትንፋሹን ይውጣል።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የመድፈኛ መኮንንና አንዲት ነርስ ብቅ ይሉና ካርታው ሲዘረጋ ይረሳሉ። በዘመቻው የሞቱትና የጠፉት 180 ሺህ ያህል የሶቪየት ወታደሮችም ከታንኩ አቧራ ሥር ይቀራሉ።

ሐምሌ 1944 ላይ 57 ሺህ ያህል ምርኮኞች በሞስኮ ጎዳናዎች ሲነዱ የተቀረጸው አጭር የዜና ፊልም ይበልጥብኛል። እዚያ የሚታየው መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ፊት ነው፤ ከሰልፉ ኋላም መኪኖች አስፋልቱን በውሃ ያጥባሉ። የድሉን ዋጋ የነገሩኝ እነዚያ ፊቶች እንጂ ካርታው አይደለም።