ስለ ቆላ ቢላዋና ስለ ፈተናው

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ደጋውን እየተወ፣ ገንዳ ውኃንና ኮኪትን እያለፈ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት ምድር ስማቸውን ይዛ ወደ ቆመችው ወደ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ፣ መንገደኛው ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚያስተውለው ነገር ቢኖር፣ በዚህ ቆላ ቢላዋ የማዕድ ቤት ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ነው። የአገሩ ገበሬና በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋው እየጎረፈ የሚወርደው፣ በቦታው አጠራር ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ፣ ለአጨዳው ማጭዱን ቢይዝም፣ ለቀረው ኑሮው ሁሉ የሚተማመነው በአንድ ቢላዋ ነው፤ በእርሱ ለዳሱ ሽመል ይቈርጣል፣ ከግራር ልጥ ይልጣል፣ እሾህ ይመነጥራል፣ ለበዓል የታረደውን ፍየል ይገፍፋል፣ ማታም በዚያው ሽንኩርቱን ይከትፋል። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ይህንኑ መሣሪያ በአፎቱ አድርገው ከግራ ክንዳቸው ላይ፣ ከክርን ከፍ አድርገው አስረውት ይታያሉ። ይህን ሁሉ ግብር የሚሸከም ስለት በድኃ ዋጋ የሚሸጥ ሲሆን፣ ገዢው በዓይኑ ብቻ ሊገዛው አይገባም።

እንዲህ ያለውን ቢላዋ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ከአንድ የተስፋፋ ስሕተት ልቡን ማንጻት አለበት፤ ይኸውም ጥሩ ቢላዋ ማለት የማይደነዝዝ ነው የሚለው አሳብ ነው። ኃጺን በባሕርዩ ጥንካሬንና ታጋሽነትን አንድ ላይ በሙላት አይቀበልም። እጅግ የጠነከረው ስለት ለረጅም ጊዜ ይቈርጣል፣ ነገር ግን ዐጥንት ወይም የእንጨት ጕጥ ሲያገኝ ይሸረፋል፣ የተሸረፈውንም ለማቃናት በሞተር የሚሽከረከር መሳያ ያለበት ከተማ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል፤ እጅግ የለሰለሰው ደግሞ አይሰበርም፣ ነገር ግን ጧት የተሳለው ቀትር ሳይደርስ ስለቱ ይተኛል። ስለዚህ በሽንፋ ወይም በጓንግ ወንዝ አካባቢ፣ ከሰፈር ርቆ በሣር ዳስ ሥር ለሚያድር ሠራተኛ ዘላቂ የሚሆነው ቢላዋ፣ መደንዘዙ የማይቀር ሆኖ ሳለ፣ ከወንዝ ዳር በተለቀመ ልስልስ ድንጋይ ላይ ጥቂት ጊዜ ሲፈተግ ስለቱን ቶሎ የሚመልስ ነው። እኔ ርካሹን ቢላዋ የምዳኘው በዚህ ሕግ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ፈተና ሁሉ ወደዚሁ ያዘነብላል።

የአገራችን ቀጥቃጭ ቢላዋ የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ ነው፤ በዚህ መንገድ እህልና ሰሊጥ ጭኖ የሚመላለሰው ከባድ መኪና ባሌስትራው በተሰበረ ጊዜ፣ ስብራቱ ተጥሎ አይቀርም፣ ከወናፍ ፊት ይደርሳል። ይህ ብረት ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን ስለሚይዝ፣ ግሎ በተነከረ ጊዜ ይጠነክራል፣ ጎብጦ መመለስም የቀድሞ ሥራው ነበር። ለቤት መሥሪያ የሚውለው ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ካርቦን ግማሽ እንኳ ስለማይዝ፣ ቢያግሉትም ቢነክሩትም ቢላዋ መሳይ እንጂ ቢላዋ አይሆንም። ሁለቱ ተቀጥቅጠው፣ ተሞርደውና ተወልውለው በአንድ ሸራ ላይ ሲዘረጉ በመልክ አይለዩም፤ የሚለያቸው የመሳያው ብልጭታ ነው፤ የባሌስትራው ብልጭታ ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ እየተከፋፈለ ይበተናል፣ የፌሮው ግን ረዘም ብሎ፣ እምብዛም ሳይበተን ይወርዳል። መሳያ በሌለበት ደግሞ ሠሪውን «ጌታው፣ ይህ ከምን ወጣ? በምንስ ነከሩት?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነው። ባሌስትራን በዘይት የነከረ ሰው ሥራውን ያውቃል ማለት ይቻላል፣ ውኃ ይህን ዐይነቱን ብረት በድንገት ስለሚያቀዘቅዘው ሊሰነጥቀው ይችላልና። ጥያቄውን እንደ ስድብ የሚቈጥር ሻጭ ቢያጋጥም ወደሚቀጥለው ሸራ ማለፍ ነው።

በአክብሮት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በኦሪት ቶቤል የናስና የብረት ሠሪ ተብሎ በስሙ የተመዘገበ ሲሆን፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ደግሞ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ስለ ጠፋ፣ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ እንደ ነበረ እናነባለን፤ ይህንም እያነበብን ቀጥቃጩን ቡዳ እያልን ስንሸሸው ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብን ሰው በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ዐዋጁ የሰውን አንደበት እንኳ ፈጥኖ አልገታም። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች፣ ለብዙ ዘመን ማረሻና ቢላዋ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ከእነርሱም አያሌዎች እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ዓመታት በዚሁ በምዕራብ ቆላ በኩል በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም አገር ሄዱ። ከእነርሱ ጋር ምን ያህል ተግባረ እድ እንደ ሄደ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ስለቱ እንመለስ። በውጭ አገር ፋብሪካዎች የብረት ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል በሚባለው መለኪያ፣ የአልማዝ ሹል ወደ ብረቱ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ገባ በማየት ነው፤ ለደኅና የእጅ ቢላዋም ከ55 እስከ 60 ያለው ደረጃ የተለመደ ነው። ይህ መለኪያ በገንዳ ውኃ ገበያ ባይገኝም፣ ማንኛውም አናጢ ቤት የሚገኘው ሞረድ ከ60 በላይ የጠነከረ ስለ ሆነ ሊተካው ይችላል። የሞረዱን ጥግ በስለቱ ጫፍ ላይ በቀስታ መግፋት ነው፤ ያለ ችግር ነክሶ ብናኝ ካወጣ ቢላዋው ለስላሳ ነው፣ ጨርሶ ተንሸራትቶ ካለፈ እጅግ ጠንካራ ነው፣ እየተንሸራተተ ጥቂት ጥቂት የሚነክስ ከሆነ ግን የምንፈልገው እርሱ ነው። ይህንም ከጀርባው በኩል መድገም ይገባል፤ ብልኅ ቀጥቃጭ ስለቱን ብቻ ነክሮ ጀርባውን ለስላሳ ይተወዋል፣ ጀርባው ለስላሳ የሆነ ቢላዋ ደግሞ በዱላ ሲመታም አይሰበርም። ለማረጋገጥ የፈለገ ስለቱን በደንብ ወልውሎ የሎሚ ጭማቂ ይቀባውና ጥቂት ይተወው፤ በሥርዓት የተነከረ ከሆነ የጠነከረው ክፍል ከለስላሳው ተለይቶ ሌላ መልክ ይይዛል፣ በሁለቱም መካከል ያለው ወሰን በግልጥ ይታያል። ወሰኑ ስለቱን ተከትሎ ሲሄድ አንድ ቦታ ከተቋረጠ፣ በዚያ ቦታ ግለቱ ጐድሎ ነበር ማለት ነው፤ ቢላዋውም መደንዘዝ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው የስለት ፈተና ግን በናስ የሚደረገው ነው። ባዶ ቀለሃ በዚያ አገር አይታጣም፤ ቀለሃውን በአግድም አስተኝቶ፣ የቢላዋውን ስለት ጋደል አድርጎ በላዩ መጫንና በዝግታ መሳብ ነው። ዐይን ከብርሃን ጋር አስተካክሎ ለሚመለከት ሰው፣ ስለቱ በተጫነበት ቦታ በጥቂቱ ሲጎብጥና ቀለሃውን ሲያልፍ ደግሞ ሲቃና ይታየዋል። ጎብጦ የቀረ እንደ ሆነ ብረቱ ሰንፏል፣ የተሸረፈ እንደ ሆነ ደግሞ ከተነከረ በኋላ ዳግመኛ በለዘብተኛ እሳት አልሞቀም። ይህ ዳግመኛ ማሞቅ የቀጥቃጩ ትዕግሥት የሚታወቅበት ሥራ ነው፤ የተነከረው ብረት ተወልውሎ ቀስ ብሎ ሲሞቅ፣ በ220 ዲግሪ ገደማ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል፤ ለስለት የሚመረጠው ገለባው ነው፣ ሰማያዊው ስፕሪንግ ለሚሆን ብረት ይስማማል። ገበያው ተጣድፎ ዋጋው በወረደ ቍጥር መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ሥራ ነው፣ ሲዘለልም ማንም አያየውም፤ የርካሽ ቢላዋ ውርደት ከብረቱ ይልቅ ከዚህ ጥድፊያ የሚመነጭ ይመስለኛል።

በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ቢላዋ የሚመረመረው፣ የአሸዋ ዘር የሆነው ሲሊካ የተቀላቀለበትን ወፍራም ወረቀት በመሣሪያ ደጋግሞ እንዲቈርጥ በማድረግ ነው። ለቆላ ሰው ተፈጥሮ ይህን ወረቀት አዘጋጅታለታለች፤ የቆላው ሽመል፣ ውስጡ ክፍት ከሆነው ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ድፍን በመሆኑ ሲሆን፣ ቅርፊቱ ሲሊካ ስለሚይዝ ስለትን ፈጥኖ ያደነዝዛል። ደረቅ ሽመል ይዞ በተከታታይ መላጥ፣ ከዚያም በዚያው ስለት የሰሊጥ ነዶ የሚታሰርበትን ገመድ ወይም አንድ የቃጫ ክር ያለ ግፊት መቍረጥ፤ መቍረጥ ሲያቅተው ከወንዝ ድንጋይ ላይ መሳልና ስንት ጊዜ ተፈትጎ እንደ ተመለሰ ልብ ማለት ነው። ሁለት ቢላዎች እኩል ሽመል ልጠው እኩል ቢደነዝዙ፣ በጥቂት ፍትጊያ የተመለሰው ይበልጣል፤ ከሌላው ጥቂት ቀድሞ የደነዘዘ ቢሆን እንኳ ፍርዴን አልለውጥም።

ስለትን በሚገባ የሚያውቁት ግን ሻጮቹ ሳይሆኑ፣ በመተማና በቋራ በረሓ ዕጣን የሚያወርዱት ሰዎች ናቸው። ምንጋፍ በሚባለው መሣሪያቸው የዕጣኑን ዛፍ ቅርፊት ስስ አድርገው ይልጣሉ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ያንኑ ቍስል በጥቂቱ ያሰፉታል፣ በበጋው ወራትም ይህን ደጋግመው ያደርጋሉ። የሚልጡት ከሁለት ሚሊ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጥ፣ የደነዘዘ ስለት ቅርፊቱን ሳይቈርጥ ይጨፈልቀዋል፣ እጅም ሲከብድ ከቅርፊቱ አልፎ እንጨቱን ያቈስላል። በማዕጠንት የሚጤሰው ዕጣን ከዚህ እጅ ስለሚጀምር፣ እንዲህ ያለ ሰው ስለትን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ሲመልስልህ፣ ቃል ሳይናገር የሰጠውን ፍርድ ማክበር ይበጃል።

ስለት ቢከፋ ይሳላል፤ ዐንገት ቢከፋ ግን ምንም አይደረግም። ዐንገት የምለው ብረቱ ወደ እጀታው የሚገባበትን ቦታ ነው፣ የርካሽ ቢላዋ ሞትም በአብዛኛው ከዚያ ይመጣል። ብረቱ እጀታው ውስጥ ጣት የማያህል ሆኖ በሙጫ ብቻ ተይዞ የተሸጠ ቢላዋ፣ በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው ሙቀት እንጨቱ ሲሟሽሽ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ በክረምትም ውኃ ገብቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ደኅናው ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ድረስ ዘልቆ፣ ሁለቱ የእንጨት ክፋይ ከግራና ከቀኝ ይዘውት፣ በተቀጠቀጠ ሚስማር የተጣበቀው ነው። ዐንገቱ በድንገት የሚጠብ ሲሆን ወደ ውስጥ በጠርዝ ሳይሆን በክብ መዞር ይገባዋል፤ ጠርዝ ያለበት ቦታ ሁሉ ስንጥቅ ይጠራል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ቢላዋውን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሮ ቀኑን ፀሓይ ላይ ማዋል፣ ከዚያም በደረቅ ግንድ ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በዱላ እየመቱ እንጨቱን መሰንጠቅ፣ በመጨረሻም ጫፉን ግንድ ውስጥ ተክሎ ወደ ጎን በመጠኑ መሳብ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው በአጠገቡ ሕፃን አያቁም። ጥቂት ጎብጦ ቀጥ ብሎ የተመለሰ፣ እጀታውም ያልተነቃነቀ ቢላዋ ዋጋውን አስከፍሏል።

ከቻይና ስለሚመጣው አንጸባራቂ ቢላዋ ብዙ መናገር አያሻም፤ አይዝግም፣ ለማዕድ ቤትም ይሆናል፣ ከእነርሱ መካከል በሞረድ ፈተና ያለፈ ካለ በመልኩ ልንንቀው አይገባም። ርካሽነትም ነውር አይደለም፤ በፈረንሳይ አገር በሳቮይ ተራሮች ኦፒኔል የተባለው ሰው በ1890 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ለገበሬ የሠራት ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ፣ እስከ ዛሬ በርካሽ ትሸጣለች፣ ከውድ ቢላዎችም አታንስም።

የባሌስትራው ቢላዋ ይዝጋልና በሰሊጥ አገር ዘይት አይታጣም ብሎ ወፍራም አድርጎ መቀባት የተለመደ ነው፤ የሰሊጥ ዘይት ግን ሲቆይ ስለሚያጣብቅና አቧራ ስለሚይዝ፣ በጨርቅ ስስ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ተፈትኖ የተገዛው ቢላዋ በዘመነ ጽጌ አጨዳው ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሞ ይታይ፤ ስለቱ ልሞ ቢገኝ ቀጥቃጩ ዳግመኛ አግሎ ይነክረዋል፣ እጀታው ቢላላም በአዲስ እንጨትና በአዲስ ሚስማር ይታሰራል፣ ዐንገቱ ላይ ግን ፀጕር የሚያህል መስመር ከታየ፣ ያ ቢላዋ ምንም ያህል ቢቈርጥ ወደ ወናፉ ተመልሶ ለሌላ ዕቃ ይቀጥቀጥ።