ጥቁር ድንጋይ ሁሉ አልትራማፊክ አይደለም
ስለ አለቶች አሰያየም የቀረበ አጭር ሂስ

በቦንጋ አካባቢ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ያነሣ ተማሪ አልትራማፊክ ብሎ ለመሰየም ሊቸኩል ይችላል። ነገር ግን ያን አገር በሰፊው የሸፈነው የጥንት እሳተ ገሞራ ፍሳሽ ነው፤ ከዚህም መካከል ባዛልት ምንም ቢጠቁር ፕላጂዮክሌዝ የተባለውን ነጣ ያለ ማዕድን በብዛት ይዟል። አልትራማፊክ የሚባለው ግን ማግኒዚየምና ብረት የበዛባቸው ማዕድናት ከመቶ 90 እጅና ከዚያ በላይ ሲሆኑበት ነው። ስለዚህ ቀለም ምስክር ሊሆን ይችላል እንጂ ዳኛ አይሆንም።

ስዊሳዊው ሊቅ አልበርት ስትሬካይሰን የመሩት ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ደንብ የሚፈርደው በማዕድን ቆጠራ ነው። ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ተደምረው 100 ተብለው ሲታሰቡ፣ ኦሊቪኑ ከ90 በላይ ከሆነ ዱናይት፣ ከ40 እስከ 90 ከሆነ ሌላ ዓይነት ፔሪዶታይት፣ ከ40 ካነሰ ፓይሮክሲናይት ይባላል። የዚህ ደንብ ትልቁ ጥቅም አንዱ የቆጠረውን ሌላው በማይክሮስኮፕ መልሶ ሊቆጥረው መቻሉ ነው። በሲሊካ መጠን ብቻ ከመመደብም ይሻላል፤ ከመቶ 45 እጅ በታች ሲሊካ ያለው ብቻ ይግባ ቢባል ብዙ ፓይሮክሲናይት ከወገኖቹ ተለይቶ ይቀራልና።

ሆኖም ደንቡ የሚቸገርበት ስፍራ አለ። ከከፋ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በወለጋ፣ በፕላቲን የታወቀው ዩብዶ ይገኛል። በዚያ ዱናይቱ በመካከል ሆኖ ፓይሮክሲናይት ይከብበዋል። ከምድር ገጽ አጠገብ ግን የዱናይቱ ኦሊቪን በብዙ ዘመን ተበልቶ፣ በስፍራው ሲሊካ ገብቶበታል። ሉዊ ዱፓርክና ባልደረቦቻቸው ይህን አለት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብርብር ወንዝ ስም ብርብራይት አሉት።

እንግዲህ ብርብራይትን ዛሬ ባለው ማዕድን ብንቆጥረው ከኳርትዝ ወገን ይሆናል፤ በሲሊካው ብንመዝነውም ፍርዱ ያው ነው። በውስጡ የቀሩት የክሮማይት ቅንጣቶች ግን የዱናይት ልጅ መሆኑን ይመሰክራሉ። ይህን ምስክር ሳይሰማ የኳርትዝ ድንጋይ ነው ብሎ የሚያልፍ መርማሪ፣ የፕላቲኑን እናት አለት ረግጦ ሊሄድ ይችላል።

የማዕድን ቆጠራው ይጽና፤ ነገር ግን ለተለወጠ አለት ብቻውን አይበቃም። በናሙናችን ወረቀት ላይ አለቱ ዛሬ ምን እንደ ሆነና አስቀድሞ ምን እንደ ነበረ፣ ከነማስረጃው፣ ሁለቱንም ልንጽፍ ይገባናል።