የእንዶድ ጭማቂና የማሽላ አረማሞ፤ ስለ ሳህን ፈተና የቀረበ ሒስ

በተማሪዎች የጥናት ጽሑፎች ውስጥ አንድ ዓይነት መደምደሚያ እየተደጋገመ ይገኛል። ይኸውም፣ የአንድ ተክል ጭማቂ በመስተዋት ሳህን ውስጥ የሻጋታን ዕድገት ከገታ፣ ተክሉ ለገበሬው ዘር መድኀኒት ይሆናል የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ለመቀበል እቸገራለሁ፤ ምክንያቴንም በማሽላ አረማሞ ላስረዳ።

ስፖር የሚባለው እንደ ዱቄት የላመ የአረማሞ ዘር በማሽላው ፍሬ ላይ ተጣብቆ ወደ መሬት ይገባል፤ ፍሬው ሲበቅል አብሮ ይበቅላል፤ ቡቃያውንም ከአፈር ብቅ ሳይል ይወርሰዋል። ከዚያ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ከተክሉ ጋር ያድግና፣ ማሽላው ራስ ሲያወጣ በፍሬው ፈንታ ጥቁር ዱቄት ይታያል። እንግዲህ መድኀኒቱ መሥራት ያለበት በእነዚያ ጥቂት ቀናት፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ነው። ጭማቂው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል ወይስ ከፍሬው ጋር ይቆያል? ሳህኑ ይህን አይመልስም።

እንዶድን እንውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ያስተዋሉት ኀይል የሚመነጨው በፍሬው ውስጥ ካለው ሳፖኒን ነው። ሳፖኒን የሻጋታን የሴል ሽፋን ስለሚጎዳ፣ በሳህን ላይ ውጤት ቢገኝ አያስደንቅም። ነገር ግን ቡቃያውንም ሊጎዳ ይችላልና፣ ስንት ዘር እንደ በቀለ የማይነግረን ጽሑፍ የሥራውን ግማሽ ብቻ ሠርቷል። ጭማቂው በሜታኖል ወጥቶ ሳለ ሜታኖሉ ለብቻው ያልተፈተነበት ጽሑፍማ፣ እንዲህ ያለም አይጠፋም፣ ምን እንደ ለካ እንኳ አይታወቅም።

ማነጻጸሪያውም ያሳስበኛል። ውሃ ብቻ ከነካው ዘር መብለጥ ቀላል ነው። ገበሬው ግን ከእኛ በፊት ዘሩን በከብት ሽንት መዘፍዘፍ ያውቃል፤ ቲራም የተባለውም የዘር መድኀኒት ለዚሁ በሽታ የታወቀ ነው። ከእነዚህ ጋር ያልተወዳደረ ጭማቂ በምን ይመረጣል?

የችግሩ ሰበብ የትምህርት ዘመናችን ይመስለኛል። ረጅሙ ማሽላ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል፤ ራስ የሚያወጣው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ሳህኑ ግን በሳምንት መልስ ይሰጣል፤ ጽሑፉም ከክረምት በፊት ይፈለጋል። ስለዚህ ሁለት ተማሪዎች ይተካኩ፤ አንዱ ዘሩን በአረማሞ በክሎና በጭማቂው ነክሮ በመደብ ይዝራ፤ ተከታዩ በመስከረም የታመሙትን ራሶች ይቁጠር።