ስምና መዝገብ በለምን ሲሳይ ግለ ታሪክ

ይህ አጭር ሂስ ባለቅኔው ለምን ሲሳይ በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመውን፣ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስሜ ለምን ነው» የሚሆነውን ግለ ታሪክ ይመለከታል። ደራሲው በ1967 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያዊት እናት እንግሊዝ አገር ተወለደ፤ ኖርማን ተብሎ በነጮች ቤት አደገ፤ በ12 ዓመቱ «አስቸጋሪ» ተብሎ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተላከ።

የድርሰቱ ዋና ስልት የመንግሥትን መዝገብ ከተራኪው ትዝታ ጎን ማሰለፍ ነው። መዝገቡ ጠባይ ይከሳል፤ ትዝታው ሳያስፈቅድ ብስኩት የሚያነሣ ልጅ ያሳያል። እናቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤም ከዚሁ መዝገብ ይገኛል። ስለዚህ «አስቸጋሪ» የሚለው ቃል ከልጁ ይልቅ የአሳዳጊዎቹን ትዕግሥት ማለቅ ይገልጻል።

በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ «የጡት ልጅ» ሲባል ዝምድና ይጨመራል እንጂ የወላጅ ስም አይፋቅም። በዚህ ዐይን ካየነው የመጀመሪያው በደል የስሙ መለወጥ ነው። የግለ ታሪኩ ውሱንነት ግን የአሳዳጊዎቹን ድካምና ፍርሃት በልጁ ትዝታና በወረቀት በኩል ብቻ ማሳየቱ ነው።

ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በጥር 2010 ዓ.ም. ከልክላለች። ቀድመው የሄዱት ልጆች ግን ዛሬም «ለምን?» ማለታቸው አይቀርም፤ መጽሐፉን ለእኛም የሚያደርገው ይኸው ነው።