ዘላቂ ጉዳትና የመዳን ተስፋ፤ ስለ አውስትራሊያ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ሕግ የቀረበ ሒስ

በአእምሮ ሕመም ምክንያት ኑሮውን ለብቻው መምራት ያቃተው ሰው፣ መንግሥት በስሙ በመደበለት ገንዘብ የሚያግዘውን ሠራተኛ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ትልቅ አሳብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አውስትራሊያ ይህን አሳብ ሥራ ላይ ያዋለችበትን የ2013 የብሔራዊ አካል ጉዳተኞች መድን ዐዋጅ፣ የማመልከቻውን ሥርዐትና የገንዘቡን አስተዳደር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ሕጉ በአንድ እጁ ለሕመምተኛው የሰጠውን መብት፣ ማመልከቻውና አስተዳደሩ በሌላው እጅ መልሰው አይወስዱበትምን?

አስቀድመን የሕጉን በጎነት መናገር ይገባናል። የአገሪቱ የምርታማነት ኮሚሽን በ2011 ባቀረበው ጥናት፣ የቀድሞው አሠራር ገንዘቡ ያነሰ፣ ፍትሕ የጐደለውና የተበታተነ መሆኑን ገልጦ ነበር። ገንዘቡ በብዛት ለአገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ይከፈል ስለ ነበር፣ ጉዳተኛው የቀረበለትን ከመቀበል በቀር እምብዛም ምርጫ አልነበረውም። አዲሱ ሥርዐት በ2013 በጥቂት ቦታዎች በሙከራ ተጀምሮ በ2020 አገሪቱን በሙሉ አዳረሰ። ከዓይነ ስውሩና መራመድ ከተሳነው ሰው ጋራ የአእምሮ ሕመምተኛውንም በአንድ ሕግ ማስገባቱ፣ ጉዳት ማለት በዓይን የሚታየው ብቻ አለመሆኑን መንግሥት ማመኑን ያስረዳል።

ይህ ገንዘብ ለሥራ ላልቻለ ሰው ከሚሰጠው የኑሮ አበል የተለየ መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል። አበሉ ለምግብና ለቤት ኪራይ የሚሆን ነው፤ የሚሰጠውም በሌላ መሥሪያ ቤትና በሌላ መመዘኛ ነው። ሐኪሙና መድኃኒቱም የጤና ጥበቃው ክፍል ድርሻ ናቸው። የድጋፉ ገንዘብ የሚውለው ገበያ አብሮ ለሚሄድ፣ ቤት ለማሰናዳት ለሚያግዝ፣ ከሰው የራቀውን ሰው ቀስ በቀስ ወደ ማኅበር ለሚመልስ ሠራተኛ ነው። እንግዲህ አንድ ሕመምተኛ ሦስቱንም ቢፈልግ በሦስት በር መቆም አለበት።

አመልካቹ ዕድሜው ከ65 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ የዜግነት ወይም የቋሚ ነዋሪነት ማስረጃም ይጠየቃል። ከዚህ በኋላ የዐዋጁ አንቀጽ 24 ይመጣል። አንቀጹ እንደሚያዘው ጉዳቱ ዘላቂ ወይም ዘላቂ የመሆኑ ነገር ያመዘነ መሆን አለበት። እንደዚሁም ከ6 የኑሮ ሥራዎች ቢያንስ በአንዱ ችሎታን በብርቱ የቀነሰ፣ ድጋፉንም ዕድሜ ልክ የሚያስፈልግ የሚያደርግ መሆን አለበት። 6ቱ ሥራዎች ሐሳብን መግለጽ፣ ከሰው ጋራ መግባባት፣ መማር፣ መንቀሳቀስ፣ ገላንና ጤናን መጠበቅ፣ ራስን ማስተዳደር ናቸው። ስለዚህ አመልካቹ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር አለበት የሚል የሐኪም ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሰውየው ምግብ ሠርቶ ይበላ እንደ ሆነ፣ የመጣለትን ደብዳቤ ከፍቶ ያነብ እንደ ሆነ፣ ከቤት ይወጣ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ከሕመሙ ስም ይልቅ ሕመሙ በኑሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት መመዘኑ የሕጉ ብልኅነት ነው እንላለን።

ነገር ግን “ዘላቂ” የሚለው ቃል ለአእምሮ ሕመም የሚስማማ አይደለም። የተቈረጠ እግር ነገም የተቈረጠ ነው። የአእምሮ ሕመም ግን ይነሣል፣ ይተኛል፤ በጥር የከበደው በሰኔ ሊቀል ይችላል። የ2016 የመግቢያ ደንብ፣ ጉዳቱን ያስወግዳል ተብሎ የሚገመት የታወቀና የሚገኝ ተስማሚ ሕክምና ካለ ጉዳቱ ዘላቂ እንደማይባል ይደነግጋል። ስለዚህ ሕክምናውን ገና ያልጨረሰ ሰው “ቆይተህ ና” ሊባል ነው። በሌላ በኩል ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ሕመምተኛውን የሚያስተምሩት፣ ምልክቱ ባይጠፋ እንኳ ትርጕም ያለው ኑሮ መኖር እንደሚቻል ነው። ሐኪሙ ማክሰኞ “ተስፋ አለህ” ያለውን ሰው፣ ረቡዕ ለማመልከቻው “ጉዳቱ አይለቀውም” ብሎ ሊጽፍለት ነው። ሕመምተኛውም ይህን ወረቀት ያነበዋል።

የሕጉ ባለቤቶች ይህን ችግር አላዩትም ማለት አይቻልም። በ2022 በተደረገው ማሻሻያ፣ እየተነሣ የሚተኛ ወይም ከፍ ዝቅ የሚል ጉዳትም ዘላቂ ሊባል እንደሚችል በዐዋጁ ውስጥ በግልጥ ተጻፈ። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ማሻሻያው የቃሉን ትርጕም አሰፋ እንጂ ቃሉን አልለወጠም። ለማስረጃነት ከሚቀርቡት መመዘኛዎች አንዱ 16 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ሰውየው ልብሱን በንጽሕና ይይዝ እንደ ሆነ፣ ወዳጅ ያፈራ እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱን በራሱ ይወስድ እንደ ሆነ ይጠይቃል። አመልካቹ በደኅና ቀኑ ከመለሰ ያልታመመ ይመስላል። ስለዚህ ስለ መጥፎ ቀኑ ብቻ እንዲናገር ይመከራል፤ ለዓመታት የሸሸገውን ውርደት በጽሑፍ እንዲያሰፍር ይገደዳል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ገንዘቡ የሕዝብ ግብር ስለ ሆነ ወሰን ያስፈልገዋል፤ ኮሚሽኑ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚገቡትን 64,000 ያኽል ብሎ ሲገምት፣ የታመመ ሁሉ ይግባ ማለቱ አልነበረም። ይህ እውነት ነው። እኛም ወሰን አይኑር አንልም። ወሰኑ ግን በችግሩ ክብደት ቢለካ እንጂ በተስፋ ማጣት ሊለካ አይገባም ነው የምንለው።

ሁለተኛው ነቀፋችን አስተዳደሩን የሚመለከት ነው። የተፈቀደለት ሰው ገንዘቡን በሦስት መንገድ ማስተዳደር ይችላል፤ ራሱ፣ በዕቅድ አስተዳዳሪ አማካይነት፣ ወይም በመሥሪያ ቤቱ በኩል። ራሱ ከያዘው ሰፊ ምርጫ አለው፤ ነገር ግን ደረሰኝ ይሰበስባል፣ ሒሳብ ያቀርባል፣ ሰነዱን 5 ዓመት ያስቀምጣል። መሥሪያ ቤቱ ከያዘለት ይህ ድካም ይቀርለታል፤ ነገር ግን ከተመዘገቡ ድርጅቶች በቀር ሌላ መምረጥ አይችልም። ዕቅድ አስተዳዳሪው መካከለኛው መንገድ ሲሆን ክፍያውም በዕቅዱ ውስጥ ለብቻው ይመደባል። ቢሆንም ሠራተኛ የሚመርጠው፣ ውል የሚፈርመው፣ ያልመጣውን ሠራተኛ ለምን ቀረህ የሚለው ሕመምተኛው ነው። ትናንት ራሱን ማስተዳደር እንደማይችል አስመስክሮ የገባ ሰው፣ ዛሬ እንደ አንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ሹም እንዲሠራ ይጠበቅበታል። በ2020 ለአእምሮ ሕሙማን የተፈቀደው የማገገም አሠልጣኝ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ነው፤ ዳሩ ግን ደመወዙ ከዚያው ከዕቅዱ ገንዘብ የሚወጣ ነው። ማመልከቻው ወይም የገንዘቡ ልክ አላግባብ የተወሰነበት ሰው በ3 ወር ውስጥ ውሳኔው እንደ ገና እንዲታይለት ሊጠይቅ፣ ከዚያም ከ2024 ወዲህ ወደ ተቋቋመው የአስተዳደር ይግባኝ ሸንጎ ሊሄድ ይችላል። ለዚህም ደግሞ ጤነኛውን የሚያደክም ትዕግሥት ያሻል።

ነገሩ የእኛንም ሰዎች ይነካል። በሜልቦርን ከተማ በፉትስክሬይና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከዚሁ ማመልከቻ ፊት ይቆማሉ። በአገራችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባላል፤ ነገር ግን የአእምሮ ሕመምን ቤተ ሰብ አጥብቆ ይደብቀዋል። ዓመታት በጠበል የቆየ ሰውም የሞከረውን ሁሉ የሚመሰክርለት የሐኪም መዝገብ የለውም። አስተርጓሚ በነጻ ይገኛል፤ ዳሩ ግን አስተርጓሚው “ዘላቂ” የሚለውን “የማይድን” ብሎ ከተረጐመው፣ እናት ልጄን በወረቀት አልረግምም ብላ ብትነሣ ማን ይፈርድባታል? የቃሉ ጉድለት በትርጕም ጊዜ ይበልጥ ይገለጣል።

በታኅሣሥ 2023 የታተመው የሥርዐቱ ግምገማ፣ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚገቡት አብዛኞቹ አዲሶች እስከ 3 ዓመት በሚቆይ የቅድሚያ እርዳታ መንገድ እንዲገቡ አሳብ አቅርቧል። ተስፋን ከመግቢያው ጀምሮ መቀበሉ መልካም ነው። ነገር ግን 3ቱ ዓመት ሲያልቅ ሕመምተኛው ወዴት እንደሚሄድ ካልተወሰነ፣ የቅድሚያው በር የመውጫ በር ይሆናል። እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ሕጉ በመሠረቱ ደግ ነው፤ ሊጣል ሳይሆን ሊታረም ይገባዋል። ማመልከቻው ሰውየው ፈጽሞ እንደማይሻለው በመጠየቅ ፈንታ፣ ሕመሙ በተነሣበት ጊዜ ያለ ረዳት ምን እንደሚደርስበት ይጠይቅ። ገንዘቡን የማስተዳደሩ ሸክምም ሰውየው ሲታመም ወደ ረዳቱ፣ ሲሻለው ወደ ራሱ የሚዛወርበት መንገድ ይበጅለት። የተሻለው ሰው ስለ ተሻለው ብቻ ድጋፉን እንዳያጣ በግልጥ ካልተጻፈለት፣ መዳንን የሚፈራ ሕመምተኛ እናበዛለን።