በሽፋኑ ላይ ያለው ፊት የማን ነው?

እዚህ አሰንዳቦ የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ንባብ ቡድን ሽፋን የሌላት አንዲት «ፍቅር እስከ መቃብር» አለችው። ሽፋኗ መቼ እንደ ወደቀ የሚያስታውስ የለም። ባረጀ የግድግዳ ካላንደር ተለብጣ፣ ጀርባዋ በፕላስተር ተይዛ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ብዙ ዓመት ሆኗታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንብበው ለጨረሱት ልጆች አንድ ሥራ ሰጥቻቸው ነበር፤ «ለዚች መጽሐፍ ሽፋን ሥሩላት» የሚል።

ሥዕሎቹ ሲመጡ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንዷ ሰብለ ወንጌልን ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮት ስታይ ሣለቻት፤ ሌላዋ የገዛ እኅቷን ክብ ፊት ሰጠቻት። አንዱ ሰውን ሁሉ ትቶ መቃብር ብቻ ሣለ። በቡና ለቀማ ሰሞን ማታ ማታ የሚያነብ አንድ ልጅ ደግሞ ጉዱ ካሣን ብቻውን መንገድ ዳር አቆመው። «ለምን እሱን?» ስለው፣ «እውነቱን የሚናገረው እሱ ነዋ!» አለኝ።

በኋላ መጽሐፉ በኢቢሲ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መጣ። አዲስ ለገቡት ልጆች ያንኑ ሥራ ሰጠኋቸው። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ሽፋን ይዘው መጡ፤ የተዋናዮቹን ፎቶ ከስልክ እያዩ የሣሉት፣ ወንድና ሴት ጎን ለጎን። እውነቱን ለመናገር፣ ሥዕሎቹ ከበፊቶቹ ያማሩ ነበሩ። ግን ጉዱ ካሣ የለም፤ መቃብሩም የለም። አንዷማ መጽሐፉን ገና አልገለጠችውም። «ጋሼ፣ አውቀዋለሁ እኮ፤ አይቼዋለሁ» አለችኝ።

በዚያን ቀን ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ይህን የምጽፈው መልሱን ስፈልግ ስለ ቆየሁ ነው።

እነዚህ ልጆች በእርሳስ የሠሩትን በሌላው ዓለም ታላላቅ አሳታሚዎች በየጊዜው ይሠሩታል። አንድ መጽሐፍ ፊልም ሲሆን እንደ ገና ይታተማል፤ የድሮው ሽፋን ይነሣና የፊልሙ ማስታወቂያ ሥዕል ይተካል፤ ፊልም መሆኑን የሚያበሥር አንድ መስመርም ይጨመርበታል። ውስጡ ግን ያው ነው። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። የፊልሙ ባለቤቶች ያ ሥዕል በየአደባባዩ እንዲታወቅ ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ መጽሐፉም በዚያው ሥዕል ሲወጣ ከማስታወቂያው ይጠቀማል። ጅማ ላይ መጻሕፍት ከወገቡ እስከ አገጩ በክንዱ ደርድሮ የሚዞረውን አዟሪ አስቡት። በአጠገቡ ስታልፉ ዓይናችሁ በአንዱ ሽፋን ላይ የሚያርፈው ለቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ከማታውቁት ሥዕል ይልቅ የምታውቁት ፊት ያስቆማችኋል። አሳታሚው ይህን ማሰቡ ነውር አይደለም፤ ያልተሸጠ መጽሐፍ አይነበብምና።

ብዙ ካከራከሩት ሽፋኖች አንዱን ልጥቀስ። የአሜሪካዊው ደራሲ የስኮት ፊትዝጄራልድ «ታላቁ ጋትስቢ» እ.ኤ.አ. በ1925 ሲወጣ ሽፋኑን የሣለው ፍራንሲስ ኩጋት ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ሌሊት ነው፤ ከታች መብራት ይብለጨለጫል፤ በሰማዩ ላይ ሁለት ዓይኖችና ቀይ ከንፈር ብቻቸውን ተንሳፍፈዋል። የማን እንደ ሆኑ ሥዕሉ አይናገርም። ፊትዝጄራልድ ድርሰቱን ሳይጨርስ ይህን ሥዕል አይቶ እጅግ ስለ ወደደው፣ ወደ ታሪኩ እንዳስገባው ለአርታኢው ጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲሱ ፊልም ሲወጣ ደግሞ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮና ሌሎቹ ተዋንያን ያሉበት ሽፋን ከድሮው ጎን ለገበያ ቀረበ። አንዳንድ ትናንሽ መጽሐፍ ቤቶች አዲሱን አንሸጥም አሉ፤ ትልልቅ የገበያ አዳራሾች ግን እሱኑ ደረደሩ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የሚታየኝ ልዩነት የውበት አይደለም። የኩጋት ሽፋን «ይህ የሚያየኝ ማን ነው?» አሰኝቶ ወደ ውስጥ ያስገባል። የፊልሙ ሽፋን «ሰዎቹ እነዚህ ናቸው» ብሎ ጥያቄውን በር ላይ ይዘጋዋል። አንባቢው ከመግባቱ በፊት ሊሠራው የነበረው ሥራ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

ባለ ታሪኩ በእውነት የኖረ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ሰለሞን ኖርዝአፕ በኒውዮርክ ግዛት ነጻ ሆኖ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 አታልለው ወሰዱትና ለባርነት ሸጡት። ከ12 ዓመት በኋላ ነጻ ወጥቶ በዚያው በ1853 ታሪኩን አሳተመ። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ በእርሻ ልብሱ ሆኖ የሚታይበት ምስሉ ታትሟል፤ ከሥሩም ፊርማው አለ። በብዙ የደቡብ ግዛቶች በባርነት ያለን ሰው ፊደል ማስቆጠር በሕግ በተከለከለበት ዘመን ያ ፊርማ ቀላል ነገር አልነበረም። «ይህ የደረሰብኝ እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ» ማለት ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2013 ፊልም ሆነ፤ በምርጥ ፊልምነትም ኦስካር አገኘ። መጽሐፉም እንደ ገና ሲታተም ተዋናዩ ቺወቴል ኤጂዮፎር ሲሮጥ በሚታይበት የፊልሙ ሥዕል ወጣ። ኤጂዮፎር ድንቅ ተዋናይ ነው፤ ፊልሙም ብዙዎችን ወደ ተረሳው መጽሐፍ መልሷል። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን እናንተ የምስክርነትን ነገር ታውቃላችሁ። አንዲት እናት በጉባኤ ፊት ቆመው ጌታ ከምን እንዳወጣቸው ሲናገሩ፣ ድምፃቸው ያምራል ብለን ሌላ ሰው በቦታቸው አናቆምም። የምስክርነቱ ክብደት ያለው ያለፈበት ሰው ራሱ በመቆሙ ነው። የኖርዝአፕ መልክ በእጃችን እያለ በሽፋኑ ላይ ሌላ ፊት ስናደርግ፣ መከራውን የተሸከመውን አንሥተን መከራውን የተጫወተውን ማስቀመጣችን ነው።

ወደ አገራችን መጽሐፍ ልመለስ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከገጹ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ የገባው ግን መጀመሪያ በምስል አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሳይቀሩ ጆሯቸውን ጥለው አደመጡት። ወጋየሁ ለሰዎቹ ድምፅ ሰጣቸው፤ ፊታቸውን ግን ለአድማጩ ተወለት። ሬዲዮ በተከፈተበት ቤት ሁሉ ሌላ ሰብለ ነበረች።

ቴሌቪዥን ይህን ማድረግ አይችልም። አንድ ፊት መምረጥ አለበት፤ የሙያው ግዴታ ነውና አንወቅሰውም። ሽፋን ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። እንበልና ነገ አንድ አሳታሚ መጽሐፉን ጥንዶቹን ተዋንያን ፊት አድርጎ ቢያወጣው፣ «ይህ የሁለት ወጣቶች ፍቅር ታሪክ ነው» ማለቱ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሲሶውን መናገር ነው። ወላጆቹ ለስለት የሰጡት የበዛብህ ሸክም፣ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎችና አበጀ በለው፣ የዘመኑን ሥርዐት በአደባባይ በመተቸቱ እንደ እብድ የታየው ጉዱ ካሣ፣ እነዚህ ሁሉ ከሽፋኑ ውጭ ይቀራሉ። ሽፋን የመጽሐፉ የመጀመሪያው ተርጓሚ ነው። አንድም ቃል ሳናነብ «በዚህ በኩል እየው» ይለናል፤ እኛም ሳናውቀው እንታዘዘዋለን።

ይህን ስል ከሩቅ ሆኜ የምፈርድ እንዳይመስላችሁ። እኔም የዚህ ዓይነት ሽፋን ልጅ ነኝ። በልጅነቴ አንድ ማታ በጄኔሬተር መብራት፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ አንሶላ የኢየሱስን ፊልም አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው፣ በሉቃስ ወንጌል ላይ የተመሠረተውና ከሁለት ሺህ በላይ ወደሚሆኑ ቋንቋዎች የተተረጎመው ፊልም ነው። ሲያልቅ ከፊልሙ የተወሰደ ሥዕል ያለባት ትንሽ የሉቃስ ወንጌል ሰጡኝ። ከዳር እስከ ዳር ያነበብኳት የመጀመሪያዋ መጽሐፍ እርሷ ናት። ያ ሽፋን ባይኖር እጄን ባልዘረጋሁ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ሽፋኖችን ማቃለል አልችልም።

ነገር ግን ለዓመታት ስጸልይ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ፊት የእንግሊዛዊው ተዋናይ የብራያን ዲከን ፊት ነበር። ስሙን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሉቃስ ግን የጌታ መልክ ምን ይመስል እንደ ነበር አልጻፈም። ይልቁንም በ22ኛው ምዕራፍ፣ ጴጥሮስ ሦስተኛ ጊዜ በካደበት ሰዓት፣ ጌታ ዘወር ብሎ እንዳየው ይነግረናል። እንዴት አድርጎ እንዳየው ግን አይነግረንም። በቁጣ ነው? በኀዘን ነው? በርኅራኄ ነው? ተዋናይ ይህን ትዕይንት ሲሠራ ከእነዚህ አንዱን በፊቱ ላይ ማሳየት አለበት፤ እኛም ያንን አይተን እናልፋለን። ወንጌሉን ስናነብ ግን ዕይታው ስላልተገለጸ እኛው ጴጥሮስ በቆመበት እንቆማለን። የካድንበትን ሰዓት እናስታውሳለን፤ ጌታም እኛን ያየናል። ይህን ያገኘሁት ስንት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ነው። ሽፋኑ ወደ በሩ አደረሰኝ፤ በሩ ላይ ብቀር ኖሮ ግን ይህ ያመልጠኝ ነበር።

እንግዲህ «አይቼዋለሁ» ላለችኝ እኅታችን መልሴ ይህ ነው። ያየሽው አንድ ሰው መጽሐፉን አንብቦ የደረሰበትን ነው፤ የአንቺ ንባብ ገና ይቀራል። ከተቻለ አስቀድማችሁ አንብቡ። ድራማውን ካያችሁ በኋላ የምታነቡም ብትሆኑ፣ እርሳስ ይዛችሁ በስክሪኑ ላይ ያላያችሁትን ሰውና ያልሰማችሁትን ንግግር አስምሩበት። የተዋናዩ ፊት እየመጣ ቢያስቸግራችሁ አትጨነቁ፤ ደራሲው ስለዚያ ሰው የጻፈውን ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቡት፤ ፊቱ እየለቀቀ ይሄዳል። መጻሕፍት የምታሳትሙ ብትሆኑ ደግሞ ልመናዬ ትንሽ ናት፦ ፊልም መሆኑን በትንሽ ተለጣፊ ወይም በጀርባው ንገሩን፤ የፊቱን ሽፋን ግን ለመጽሐፉ ተዉለት።

በየቡድናችሁም ይህን የሽፋን ሥራ ሞክሩት። ሕጉ አንድ ነው፤ የመጨረሻውን ገጽ ሳያነብ የሚሥል የለም።

የእኛዋ ባለ ካላንደር መጽሐፍ አሁን በዚያች ልጅ እጅ ናት። ከወሰደቻት ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠራችኝና «ጋሼ፣ ጉዱ ካሣን ለምንድን ነው እብድ የሚሉት?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። ስትጨርስ ሽፋኑን እንደ ገና ትሠራዋለች።